ከማዕድን ማውጫው እስከ አዲስ አበባ፦ ስካዳ የሚመዘግበውን ንባብ ማን ያየዋል?

ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀላል ባቡሩ በመስኮት ትይዩ በሚያልፍበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የምንሠራበት ክፍል ጥግ ውስጥ አንድ ሰማያዊ በርሜል ተቀምጧል። በውስጡ ውኃ አለ፤ ክዳኑ ላይ የውኃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ታስሯል፤ ከሴንሰሩ የወጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ፓናል ይገባሉ፤ ከፓናሉ የወጣው ኬብል ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል። ለፋብሪካና ለማዕድን ማውጫ የሚሠሩ የቁጥጥር ፕሮግራሞችን ወደ ቦታቸው ከመሄዳቸው በፊት የምንፈትሸው በዚህ በርሜል ነው። አዲስ የተመረቁ መሐንዲሶች ሲመጡ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አሳያቸዋለሁ። ስክሪኑ ላይ በርሜሉ 62 በመቶ እንደሞላ ይነበባል። በካቻቢቴ ከፓናሉ አንዱን ሽቦ ፈትቼ እነቅላለሁ፤ ስክሪኑ 62 በመቶ ማለቱን ይቀጥላል። ከዚያ የበርሜሉን ቧንቧ ከፍቼ ውኃውን በሙሉ አፈሰዋለሁ፤ ስክሪኑ አሁንም 62 በመቶ ይላል።

ኮምፒዩተሩም ፓናሉም ደህና ናቸው። ሽቦ ሲበጠስ ምን ማድረግ እንዳለበት ለማሽኑ የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሴንሰሩ የለካውን ወደ ፓናሉ የሚልከው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሚደርስ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ባዶ በርሜል 4፣ ሙሉ በርሜል 20 ይሰጣል፤ 62 በመቶ ማለት 14 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ባዶው ከዜሮ ሳይሆን ከ4 እንዲጀምር የተደረገው ታስቦበት ነው፤ ሽቦ ሲበጠስ ፍሰቱ ዜሮ ስለሚሆን፣ ማሽኑ «በርሜሉ ባዶ ነው» እና «ከበርሜሉ ጋር ተቆራርጫለሁ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች መለየት ይችላል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ግን ይህን ልዩነት ካልተጠቀመበትና ግንኙነት ሲጠፋ የመጨረሻው ቁጥር ባለበት እንዲቆይ ካደረገ፣ የሞተ ቁጥር ሕይወት ያለው መስሎ ለቀናት ስክሪን ላይ ሊሰነብት ይችላል። በእኛ ክፍል የሚፈሰው የበርሜል ውኃ ነው፤ ወለሉን መወልወል ይበቃል። በወርቅ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ግን ከዚያ ቁጥር በስተጀርባ ያለው ሳያናይድ የተባለው መርዝ ያለበት ጋን ወይም የዝቃጭ ግድብ ነው።

ጉዳዩን አሁን ማንሳት የተገባው ማዕድን የአገሪቱ ኢኮኖሚ ዋና መነጋገሪያ በሆነበት ወቅት ላይ ስለምንገኝ ነው። በ2017 የበጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ ከወጪ ንግድ ገቢ ትልቁን ድርሻ ይዟል። እርግጥ ከዚህ ወርቅ አብዛኛው በባህላዊ አምራቾች እጅ የሚወጣ ነው፤ እዚያ ሴንሰርም ስክሪንም የለም፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ርዕስ ነው። ነገር ግን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የኩርሙክ፣ በምዕራብ ወለጋ የቱሉ ካፒ ፕሮጀክቶች እንደሚያሳዩት መጪው ጊዜ ወደ ትልልቅ ማዕድን ማውጫዎች እያመራ ነው፤ በዓለም ላይ በዚህ መጠን የሚሠራ ማውጫ ደግሞ ያለ ስካዳ አይንቀሳቀስም።

ስካዳ ማለት የርቀት ቁጥጥርና የመረጃ ማሰባሰቢያ ሥርዓት ማለት ነው። ከታች በመስኩ ላይ ሙቀትን፣ ግፊትን፣ ከፍታን፣ ፍሰትን የሚለኩ ሴንሰሮች፣ እንዲሁም ትእዛዝ ተቀብለው የሚሠሩ ፓምፖች፣ ቫልቮችና ሞተሮች አሉ። ከእነሱ በላይ ፒኤልሲ የሚባለው አነስተኛ የኢንዱስትሪ ኮምፒዩተር አለ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ግድግዳ ሙሉ የነበሩ ሪሌዎችን (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያዎችን) ለመተካት የተፈለሰፈው ይህ መሣሪያ ነው ዛሬም ውሳኔውን በሴኮንድ ክፋይ የሚሰጠው። ከዚያ በላይ ኦፕሬተሩ የሚያየው ስክሪን፣ ከስክሪኑ ጎን ደግሞ እያንዳንዷን ንባብ ከነሰዓቷ የሚያስቀምጥ ሂስቶሪያን የሚባል የመረጃ ቋት ይገኛል። ጎብኚ የመቆጣጠሪያ ክፍል ሲገባ ዓይኑን የሚስበው ትልቁ ስክሪን ነው። እኔ ግን የሥርዓቱ ዋና ሀብት ሂስቶሪያኑ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ስክሪኑ የሚናገረው አሁን የሆነውን ብቻ ሲሆን ሂስቶሪያኑ ግን ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሆነውንም ያስታውሳል።

ወርቅ ያለበት ዓለት በክሬሸር ተሰባብሮ፣ በወፍጮ ደቅቆ፣ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ማጣሪያ ጋኖች ይገባል። እስከዚህ ድረስ ስካዳ የሚጠብቀው በአብዛኛው ማሽንን ነው፤ የወፍጮው ተሸካሚ ኩሽኔታ ከጋለ ያቆመዋል፤ ኮንቬየር ከተንሸራተተ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያስቆማል። ስህተት ቢፈጠር የሚጠፋው ገንዘብ ነው። ከጋኖቹ ጀምሮ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ወርቁ ከዓለቱ የሚሟሟው በሳያናይድ ነውና።

ሳያናይድ በፈሳሹ ውስጥ ተረጋግቶ የሚቆየው ፈሳሹ በቂ አልካላይን ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል ኖራ ይጨመርና ፒኤቹ (ፈሳሹ ምን ያህል አሲድ ወይም አልካላይን እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ከ10.5 በላይ እንዲቆይ ይደረጋል። ከዚያ እየወረደ ሲሄድ ሳያናይዱ ወደ ሃይድሮጂን ሳያናይድ ይለወጣል፤ 9.2 አካባቢ ላይ ግማሽ ያህሉ በዚህ መልክ ይገኛል፤ ይህም እየተነነ የሚወጣ ገዳይ ጋዝ ነው። ስለዚህ በጋኑ ላይ የሚሠራ ሰው ሕይወት የሚወሰነው በፒኤች ሴንሰሩ ጤንነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሴንሰሩ ደግሞ ጫፉ ላይ ስስ የመስታወት ፊኛ ያለው ዘንግ ነው። ለማዳን የተጨመረው ኖራ ራሱ እየተጋገረ መስታወቱን በነጭ ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ ቅርፊቱ በወፈረ መጠን ሴንሰሩ የጋኑን ፈሳሽ ሳይሆን የራሱን ቅርፊት እየለካ ይሄዳል፤ ስክሪኑም 10.8 እያለ በእርጋታ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ቀላልና አሰልቺ ነው። በመርሐ ግብር አውጥቶ በደካማ አሲድ ማጠብ፣ ፒኤቻቸው በሚታወቅ ሁለት ፈሳሾች ውስጥ ነክሮ ማስተካከል፣ ከዚያም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ከጋኑ ተቀድቶ ከተለካው ጋር ማመሳከር ነው። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ የወጣበት ሥርዓት ልክ የሚሆነው አንድ ቴክኒሺያን ይህን በተባለው ቀን ካደረገ ነው። በግዢ ሰነዶች ላይ ስለ ስክሪኑ ስፋት ብዙ ሲጻፍ፣ ስለዚህ ቴክኒሺያን ሥልጠናና ስለ መለዋወጫ ሴንሰሮች የሚጻፈው በጣም ጥቂት መሆኑ ሁሌም ያሳስበኛል።

ወርቁ ከተለየ በኋላ የቀረው ቴይሊንግ የሚባለው ጭቃ ወደ ዝቃጭ ግድብ ይላካል። ይህ ግድብ እንደ ውኃ ግድብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ማውጫው በቆየ ቁጥር ከፍ እየተደረገ ይሄዳል። በላዩ ያለው የውኃ ከፍታ፣ በአካሉ ውስጥ ያለው የውኃ ግፊት፣ ከግርጌው የሚሾልከው ፍሰት መለካት አለባቸው። በሩማኒያ ባያ ማሬ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2000 የሆነው፣ ዝናብና የቀለጠ በረዶ የኩሬውን ውኃ ከመጠን በላይ ከፍ አድርጎት ግድቡ ተሸንቁሮ 100,000 ሜትር ኪዩብ ያህል ሳያናይድ ያለበት ውኃ መልቀቁ ነው። መርዙ በቲሳ ወንዝ አድርጎ ሃንጋሪን አቋርጦ እስከ ዳኑብ ደረሰ። የውኃ ከፍታ መጨመር ከሁሉም ልኬቶች ቀላሉ ነው፤ ልክ እንደ እኛ በርሜል።

ሁሉም አደጋ ግን እንዲህ ቀድሞ አይናገርም። በብራዚል ብሩማዲንሆ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2019 የፈረሰው የብረት ማዕድን ዝቃጭ ግድብ 270 ሰዎችን ገድሏል፤ የሠራተኞቹ መመገቢያና ቢሮዎች ከግድቡ በታች ነበሩ፤ የማስጠንቀቂያ ሳይረኑም አልጮኸም። አደጋውን የመረመረው የባለሙያዎች ቡድን፣ ግድቡ ከመፍረሱ በፊት በዓይን የሚታይ የመሸነፍ ምልክት እንዳላሳየ ጽፏል። ይህ እኔን መሰል ሰዎችን ልብ እንድንገዛ የሚያደርግ ነው። ሴንሰር መደርደር ሰዎችን ከግድብ ግርጌ የማንሳትን ሥራ አይተካም፤ ሴንሰሩ ሊያደርግ የሚችለው መናገር የሚችለውን አደጋ ሳይሰማ እንዳያልፍ ማድረግ ነው።

መስማትም ራሱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1994 በብሪታንያ ሚልፎርድ ሄቨን በደረሰ የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ፣ ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ሁለት ኦፕሬተሮች ፊት 275 ማንቂያዎች ጮኸዋል። በየሁለት ሴኮንድ ተኩል አንድ ማለት ነው። የትኛውን ሰምተው የትኛውን ይተዉ? ከዚያ ወዲህ በወጡ መመሪያዎች አንድ ኦፕሬተር በመደበኛ ሁኔታ በአሥር ደቂቃ ከአንድ ብዙም ያልበለጠ ማንቂያ እንዲደርሰው ይመከራል። በአገራችን ባየኋቸው የመቆጣጠሪያ ክፍሎች ግን የማንቂያው ዝርዝር ቀይ ሆኖ የሚውልበት፣ ኦፕሬተሩም ድምፁን ዘግቶ ሥራውን የሚቀጥልበት ጊዜ ብዙ ነው። ኦፕሬተሩን አልወቅሰውም። ሁሉም ነገር አስቸኳይ ነው የሚል ማሽን ያቀረበለት ሌላ ሰው ነው።

አሁን ከማውጫው ወጥተን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ባለፈቃዱ መዝገብ የመያዝና ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ተቆጣጣሪውም ቦታው ድረስ ሄዶ የመመርመር ሥልጣን አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። ችግሩ የጊዜ ርቀት ነው። ሂስቶሪያኑ የጋኑን ፒኤችና የግድቡን ከፍታ በየሴኮንዱ ይጽፋል፤ መንግሥት ቢሮ የሚደርሰው ግን በኩባንያው የተጠቃለለ፣ በአማካይ የተለሰለሰ፣ ዘግይቶ የመጣ ሪፖርት ነው። አማካይ ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ለሦስት ወር አማካዩ 10.7 የሆነ ፒኤች በመሃል ለአንድ ሌሊት 9 ሆኖ ሊያድር ይችላል።

የዚህ ክፍተት ዋጋ ምን እንደሆነ በለገደንቢ አይተናል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በጉጂ ዞን ሻኪሶ አቅራቢያ በሚገኘው በዚህ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ዙሪያ የሚኖሩ ነዋሪዎች፣ በጤናቸው፣ በሕፃናቶቻቸውና በከብቶቻቸው ላይ ጉዳት ደርሷል ብለው ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ መንግሥት በግንቦት 2010 ፈቃዱን አገደ፤ ጉዳዩን የሚያጣሩ ጥናቶች እንዲካሄዱም ተደረገ። ስለ ምክንያቱና ስለ ተጠያቂነቱ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ሁሉም ወገን የሚያምነው፣ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ያልተቋረጠ፣ ከኩባንያው እጅ ውጪም የተቀመጠ የልኬት መዝገብ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ የሚጀመረው ከእሱ ላይ ይሆን ነበር። ልጇ የታመመባት እናት «ውኃው ምን ነበረበት?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ ጥናት እስኪጠና መጠበቅ አልነበረበትም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ማንኛውም ትልቅ የማዕድን ማውጫ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲታደስ፣ ከስካዳው ውስጥ የሕዝብን ደኅንነት የሚነኩ ጥቂት ንባቦች ተለይተው ሳይጠቃለሉና ሳይነኩ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በቀጥታ እንዲፈሱ ግዴታ ይደረግ። የወርቁን መጠን፣ የወፍጮውን ፍጥነት፣ የንግድ ምስጢሩን ማንም አይጠይቅም። የጋኖቹ ፒኤች፣ የጋዝ መለኪያዎቹ ንባብ፣ ወደ ዝቃጭ ግድቡ የሚገባው ሳያናይድ፣ የግድቡ የውኃ ከፍታና የውስጥ ግፊት ይበቃሉ። ሃያ ንባቦች በየደቂቃው ቢላኩ በቀን 28,800 ቁጥሮች ናቸው፤ ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ በስልክ ከምንላላከው አንድ ፎቶግራፍ ብዙም አይበልጥም። ኔትወርክ ደካማ ነው የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም። መስመር ቢቋረጥ እንኳ መረጃው ማውጫው ላይ ተጠራቅሞ መስመሩ ሲመለስ ሊሄድ ይችላል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋርም ጤንነቱ አብሮ መላክ አለበት፤ ሽቦው ተበጥሷል ወይስ በሕይወት አለ፣ ሴንሰሩ ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበውና የተስተካከለው መቼ ነው። ያለዚያ አዲስ አበባ ላይ የምናየው ያንኑ የ62 በመቶ ስክሪን ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የደኅንነት ነው፤ እኔም የምጋራው ስጋት ነው። ማውጫን ከውጭ ጋር ማገናኘት ለአጥቂ በር መክፈት ነው ይባላል። ስካዳ የሚነጋገርባቸው ቋንቋዎች አብዛኞቹ የተወለዱት ጥቃት በማይታሰብበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውና ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ሞድባስ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ቫልቭ ክፈት የሚል መልእክት ከመጣለት ማን እንደላከው ሳያጣራ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረሰበት ስተክስኔት የተባለው ቫይረስ በኢራን ናታንዝ የዩራኒየም ማበልጸጊያ የነበሩ የሲመንስ ፒኤልሲዎችን ይዞ ማሽኖቹን ሲያበላሽ፣ ለኦፕሬተሮቹ ግን ቀድሞ የቀዳውን ጤናማ ንባብ መልሶ ያሳያቸው ነበር። በአውስትራሊያ ማሩቺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 የፍሳሽ ሥርዓቱን በመትከል ሥራ ተሳትፎ የነበረ ሰው፣ ቅር ተሰኝቶ ከለቀቀ በኋላ በሬዲዮና በላፕቶፕ ትእዛዝ እየላከ 800,000 ሊትር ያህል ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ መናፈሻዎችና ወንዞች ለቋል። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ቁልፉን ይዞ መሄዱ በቂ ነበር።

ለጥያቄው መልስ አለ፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መስመር ነው። በአንድ ጫፉ ብርሃን የሚልክ እንጂ የማይቀበል፣ በሌላው ጫፍ ብርሃን የሚቀበል እንጂ የማይልክ መሣሪያ ይቀመጥና በመሃል በፋይበር ይገናኛሉ። ንባቡ ይወጣል፤ ወደ ኋላ ግን የሚመለስበት አካል ራሱ የለም። ሶፍትዌር ቢሰበር፣ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ፣ አዲስ አበባ ያለው ኮምፒዩተር ሙሉ በሙሉ በአጥቂ እጅ ቢወድቅ እንኳ አንድም ትእዛዝ ወደ ማውጫው አይደርስም። መሣሪያው ለዓመታት በኑክሌር ጣቢያዎች የተሠራበት ነው።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ በሩ የተከፈተው ከቆየ ነው፤ የከፈትነውም ለተቆጣጣሪ ሳይሆን ለአቅራቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ አንድ የድንጋይ መፍጫ ተጠርቼ ሄድኩ። የኮንቬየሩ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ በጥቂት ሴኮንዶች እንዲረዝም ነበር የተፈለገው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ። ፒኤልሲው ግን በይለፍ ቃል ተቆልፏል፤ ቃሉ ባሕር ማዶ ባለው ተከላ ባካሄደው ድርጅት እጅ ነው፤ ውሉ ላይ ስለ ፕሮግራሙ ባለቤትነት አንድ መስመር አልተጻፈም። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ያ ድርጅት በፈለገው ሰዓት ከውጭ የሚገባበት ፕሮግራም ሌት ተቀን ክፍት ነበር፤ የመግቢያ ቁጥሩ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ባለቤቱ የራሱን ማሽን መንካት አይችልም፤ ወረቀቱን ያነበበ ሁሉ ግን ይችላል። ፋብሪካው መልስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ሞተሩን በእጅ እያስነሳ ቆየ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የገባን ሰው ይቀጣል፤ በራችንን ከፍተን ቁልፉን ለሌላ ሰው የሰጠነውን ግን ሕግ አያድነንም። የፕሮግራሙ ምንጭ፣ የይለፍ ቃሎቹና የሽቦ ንድፎቹ ርክክብ ሲደረግ አብረው እንዲሰጡ፣ የአቅራቢው የርቀት መግቢያም በተጠየቀ ጊዜ ብቻ በኦፕሬተሩ እጅ ተከፍቶ እንዲዘጋ በውሉ መጻፍ አለበት።

ሥርዓቱ ከነጭራሹ የሚቆምበት ቀንም ይመጣል። በእኛ ሕንፃ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ባለው ጊዜ ዩፒኤሱ ይጮኻል፤ ባትሪው ካረጀ ኮምፒዩተሩ ከነፈተናው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው የኖርዌይ አሉሚኒየም አምራች ኮምፒዩተሮቹ በቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ሲቆለፉ ብዙ ፋብሪካዎቹን በእጅ ወደ ማሠራት ተመልሷል፤ ይህን የቻለው የታተመ የአሠራር መመሪያና ማሽኑን ያለ ስክሪን የሚያውቁ ነባር ሠራተኞች ስለነበሩት ነው። ሥራውን ከመጀመሪያው ቀን በስክሪን ላይ ብቻ የተማረ ኦፕሬተር ግን ቫልቩ ግቢው ውስጥ የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ስክሪኑ ጠፍቶ የኖራ አጨማመሩን በእጅ መለማመድ ከባድ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው የአዲስ አበባው ጫፍ ነው። ንባቡ እስከ መሥሪያ ቤቱ መድረሱ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ የሚያነበው ሰው ያስፈልጋል። ይህም ሰው ከአራት ኪሎ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ወይም ከአምስት ኪሎ የምህንድስና ተቋም የወጣ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን ማውጫው ድረስ ሄዶ ያንን ቅርፊት የለበሰ የፒኤች ዘንግ በእጁ ይዞ ያየ ቢሆን እመርጣለሁ። እሑድ ሌሊት የግድቡ ውኃ ከተፈቀደው በላይ ሲወጣ ተረኛ ሆኖ ስክሪኑ ፊት መቀመጥ አለበት፤ ማውጫውን ወዲያው ሥራ እንዲያቆም የማዘዝ ሥልጣኑ በጽሑፍ የተሰጠው መሆን አለበት፤ ከማውጫው ሥራ አስኪያጅ ስልክ ቁጥር ጎንም ከግድቡ በታች ያለው ቀበሌ ሊቀመንበር ስልክ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት።